ስለ «ቶክ» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ሁሉ አንድ ቀን በዚህች አጭር ግስ ይደናቀፋል፤ ከቀላሉ ጥያቄ ጀምሬ ወደ ተንኮለኛው እሄዳለሁ።

«ቶክ» ማለት ምን ማለት ነው?

ማውራት። መነሻው ይሄው ነው። ሰው ከጓደኛው ጋር ሲያወራ፣ በስልክ ሲያወራ፣ ለብቻው ሲያወራ፣ በእንቅልፍ ልቡ ሲያወራ ሁሉም «ቶክ» ነው። ሕፃን አፉን ሲፈታም ግሱ ይቺው ናት፤ «ሺ ካን ቶክ ናው» ማለት «አፏን ፈታች» ማለት ነው። በቀቀንም «ቶክ» ያደርጋል ይባላል፤ የሚለው ነገር ይግባው አይግባው ሌላ ጉዳይ ነው።

ችግሩ አማርኛ ለዚህ ሥራ ብዙ ቃላት ያሉት መሆኑ ነው። ማውራት አለ፣ ማናገር አለ፣ መነጋገር አለ፣ መወያየት አለ፣ ማማትም አለ። እንግሊዝኛው እነዚህን ሁሉ በአንድ «ቶክ» ይሸፍንና ልዩነቱን ከኋላ ለምትከተለው ትንሽ ቃል ይተወዋል። አንዳንዴማ ምንም ሳይከተል ብቻውን ይቆማል። «ፒፕል ዊል ቶክ» ሲባል «ሰዎች ያወራሉ» ብላችሁ ብትተረጉሙት ጣዕሙ ይጠፋል፤ ትክክለኛው «ሰው ምን ይላል» ወይም «ያሙናል» ነው።

እንዴት ነው የሚነበበው? «ታልክ» ነው «ቶክ»?

«ቶክ» ነው። በፊደል ሲጻፍ ቲ፣ ኤ፣ ኤል፣ ኬ ነው፤ ኤሏ ግን ለጌጥ የተቀመጠች ይመስል አትነበብም። መራመድ የሚለው «ዎክ» እና ሰሌዳ ላይ የሚጻፍበት «ቾክ» እንዲሁ ናቸው፣ ሁለቱም ውስጥ ድምፅ የሌላት ኤል አለች። «ቾክ»ን «ቻልክ» የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ «ቶክ»ንም በዚያው መንገድ ያዙት።

አናባቢዋ ትንሽ ረዘም ትላለች። ብዙ አሜሪካውያን ደግሞ ወደ «ታክ» ጠጋ ያደርጓታል፣ ፊልም ስታዩ ግር እንዳይላችሁ። ከዚህ ይልቅ መጠንቀቅ ያለባችሁ ከ«ቱክ» ጋር እንዳታምታቱት ነው፤ «ቱክ» ማለት «ወሰደ» ማለት ነው።

ያለፈው ጊዜስ?

«ቶክት»። በጽሑፍ መጨረሻው ላይ ኢ እና ዲ ይጨመራል፤ ሲነበብ ግን ዲዋ «ት» ሆና ትሰማለች፣ ምክንያቱም ከ«ክ» በኋላ «ድ» ለምላስ አይመችም። «ቶክ-ኢድ» ብሎ በሁለት መክፈል በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ሌላው የተለመደ ስህተት «ዲድ ዩ ቶክት?» ማለት ነው። «ዲድ» ካለ ያለፈው ጊዜ ተነግሯል፤ ደግማችሁ አትናገሩት። «ዲድ ዩ ቶክ?» ይበቃል።

«አናገረኝ» ለማለት «ሂ ቶክት ሚ» ማለት ይቻላል?

አይቻልም። ከጥያቄዎቹ ሁሉ አንድ ብቻ አንብባችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይቺን አንብቡ። በአማርኛ «አናገረኝ» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ሥራዋን ጨርሳለች፤ ማንን እንዳናገረ ግሱ ራሱ ይዞታል። እንግሊዝኛው ላይ ግን «ቶክ» ሰውን በቀጥታ አይነካም። በመሃል ድልድይ ይፈልጋል፣ ድልድዩም «ቱ» ነው፦ «ሂ ቶክት ቱ ሚ»። እኛ በአማርኛ ስለምናስብ ድልድዩን ዘለን እንሻገራለን። የባሰው ነገር ደግሞ ጎረቤቶቹ ግሶች ድልድይ አለመፈለጋቸው ነው። «ቴል ሚ»፣ «አስክ ሚ»፣ «ኮል ሚ» ሁሉም ትክክል ናቸው፤ «ቶክ ሚ» ብቻ ስህተት። ፍትሕ የለውም፣ ግን እንዲህ ነው።

እኔ በዚህ አንዴ ተዋርጃለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሌላ አገር ላለ ባልደረባዬ በቪዲዮ ጥሪ «አለቃችን ትናንት አናገረኝ» ለማለት ፈልጌ «ዘ ቦስ ቶክት ሚ የስተርደይ» አልኩና ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን አፍጥጬ ሳይ፣ ሰውየው አንገቱን ወደፊት ሰገግ አድርጎ ቀሪውን ይጠብቃል። በመጨረሻ «ኢንቱ ዋት?» አለኝ። «ምን እንድታደርግ?» ማለቱ ነበር። ለካ እሱ ጆሮ ላይ ዓረፍተ ነገሬ ተጀምሮ ያላለቀ ነበር፤ አለቃችን አንድ ነገር እንዳደርግ ያግባባኝ መስሎት ምኑን እንደሆነ ሊሰማ ጓጉቷል። «ቱ» የምትል ድልድይ ረስቼ ሰውየውን ገደል አፋፍ ላይ አቆምኩት። «ኢንቱ» ለምን እንደመጣች ወደታች እናገኘዋለን።

«ቶክ ቱ» ነው «ቶክ ዊዝ»?

ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ብዙ ጊዜም አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል። «ቱ» በብዛት ይሰማል። «ዊዝ» ትንሽ የእኩልነት ሽታ አለው፤ እኔም አንተም የምንናገርበት፣ ተራ የምንሰጣጥበት ወሬ። የእኛ «አናገርኩት» እና «ከእሱ ጋር አወራሁ» የሚለው ልዩነት ማለት ነው።

«ቱ» ግን እንደ አነጋገሩ ቁጣ ሊያዝል ይችላል። አንዲት እናት ስለ ልጇ «አይል ቶክ ቱ ሂም» ስትል «ቆይ እኔ አናግረዋለሁ» እያለች ነው፣ ልጁም ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። «አ ቶኪንግ ቱ» የሚል ስም እስከ መውጣት ደርሷል፤ ተግሣጽ ማለት ነው። ሦስተኛው «ቶክ አት» ነው። ይሄ ሰውየው መስማት አለመስማታችሁ ሳይገደው በላያችሁ ላይ ሲያወርድባችሁ ነው። ለሚሰብክ እንጂ ለሚያወራ አይሆንም።

«ቶክ» እና «ስፒክ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

«ቶክ» ወሬ ነው፣ «ስፒክ» ንግግር ነው። ከሰው ጋር በነፃነት ስናወራ «ቶክ»፤ ረጋ ያለ፣ መደበኛ፣ ወይም አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት ሲሆን ደግሞ «ስፒክ»። መድረክ ላይ ወጥቶ ንግግር የሚያደርግ ሰው «ስፒከር» ነው፤ «ቶከር» ብትሉት ግን ወሬኛ ነው እያላችሁት ነው።

ሁለቱ የማይደራረሱበት ትልቁ ቦታ ቋንቋ ነው። ቋንቋ መቻል ሁልጊዜ «ስፒክ» ነው፦ «አይ ስፒክ ኢንግሊሽ»። «አይ ቶክ ኢንግሊሽ» ያለ ሰው እንግሊዝኛ አለመቻሉን በራሱ አፍ መሰከረ። «ኢን» ከገባችበት ግን ይቻላል፤ «ዌር ቶኪንግ ኢን ኢንግሊሽ» ማለት ወሬው በእንግሊዝኛ እየተካሄደ ነው ማለት ነው፣ ችሎታን አይናገርም።

ስልክ ላይ ደግሞ ጨዋው «ሜይ አይ ስፒክ ቱ» ብሎ የሰውየውን ስም መጥራት ነው። ራሱ ባለቤቱ ያነሳው እንደሆነ «ስፒኪንግ» ብሎ ይመልሳል፣ «እኔው ነኝ» እንደማለት። እዚህ ጋ «ቶኪንግ» የሚል የለም። የተኳረፉ ሰዎችም «ኖት ኦን ስፒኪንግ ተርምስ» ናቸው፤ እዚህም «ቶኪንግ» አይገባም። ለምን ብላችሁ አትድከሙ፣ እንዲሁ ረግቶ የቀረ አባባል ነው።

«ሴይ» እና «ቴል»ስ የት ይገባሉ?

እኔ የምጠቀምበት አቋራጭ ይሄ ነው። «አለ» ሲሆን «ሴይ»፣ «ነገረ» ሲሆን «ቴል»፣ «ተናገረ» ሲሆን «ስፒክ»፣ «አወራ» ሲሆን «ቶክ»። መቶ በመቶ አይሠራም፣ ግን ከአሥር ስህተት ሰባት ስምንቱን ያድናችኋል ብዬ እገምታለሁ። ከ«ሴይ» በኋላ የተባለው ነገር ይመጣል፤ ከ«ቴል» በኋላ መጀመሪያ የተነገረው ሰው ይመጣል። «አሞኛል አለ» ለማለት «ሂ ሴድ ሂ ዎዝ ሲክ» ነው፤ «አሞኛል ብሎ ነገረኝ» ከሆነ «ሂ ቶልድ ሚ ሂ ዎዝ ሲክ»።

«ቶክ» የተባለውን ነገር አይሸከምም። «ሂ ቶክት ዛት ሂ ዎዝ ሲክ» የሚባል እንግሊዝኛ የለም። «ቶክ» ወሬ መኖሩን ይነግራል፣ ቢበዛ ስለምን እንደነበረ ይጨምራል፤ ምን እንደተባለ ግን ለሌሎቹ ይተዋል። «ሂ ቶክት አባውት ሂዝ ኢልነስ» ማለት ስለ ሕመሙ አወራ ነው፤ ምን አለ ለሚለው መልስ የለውም።

አቋራጩ የሚከዳችሁ «እውነቱን ተናገር» ላይ ነው። «ተናገር» ስላለ «ስፒክ» ትላላችሁ፣ ሰዉ ግን በብዛት የሚለው «ቴል ዘ ትሩዝ» ነው። መዋሸትም «ቴል አ ላይ» ነው፣ ማንም «ቶክ አ ላይ» አይልም። ቀልድም ተረትም በ«ቴል» ይሄዳሉ። እነዚህን እንደ ስም መያዝ ነው እንጂ ሕግ አትፈልጉላቸው።

«አባውት» ሁልጊዜ ያስፈልጋል?

በአብዛኛው አዎ፤ «ስለ» ማለት ናትና። «ዊ ቶክት አባውት ዩ» ማለት ስለ አንተ አወራን ነው። ግን ጥቂት ቃላት «አባውት»ን ገፍተው በቀጥታ ይቀመጣሉ፦ «ቶክ ፖለቲክስ»፣ «ቶክ ቢዝነስ»፣ «ቶክ ሴንስ»፣ «ቶክ ኖንሴንስ»። «ቶክ ቢዝነስ» ሲባል «እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ እንግባ» ነው፤ «ቶክ ኖንሴንስ» ደግሞ መቀባጠር። «ቶክ ሾፕ» የሚባልም አለ፤ ሱቅ ነገሩ ውስጥ የለም። ሁለት የአንድ ሙያ ሰዎች ግብዣ ላይ ተገናኝተው የሥራ ወሬ ሲሰልቁና የቀረው ሰው ሲያዛጋ ነው።

እግረ መንገዴን፦ «ዲስከስ» የሚለው ግስ «አባውት» አይወድም። «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕላን» ነው እንጂ «ዲስከስድ አባውት» አይደለም። የ«ቶክ»ን ልማድ ወደዚያ ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፣ የሥራ ኢሜል ላይ ደግሞ በደንብ ታስታውቃለች።

«ቶክ ኢንቱ» እና «ቶክ አውት ኦፍ» ምንድን ናቸው?

የባልደረባዬ «ኢንቱ ዋት?» የመጣችው ከዚህ ነው። «ቶክ» ብቻውን ሰውን በቀጥታ አይነካም ብያለሁ። እዚህ ጋ ግን ይነካል። «ሺ ቶክት ሚ ኢንቱ ኢት» ማለት በወሬ ገፋፍታ፣ አግባብታ፣ ወትውታ ነገሩ ውስጥ አስገባችኝ ማለት ነው። ሥዕሉን እዩት፤ ወሬው እጅ አውጥቶ ሰውየውን እየገፋ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። «አውት ኦፍ» ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ወሬው ጎትቶ ያወጣል፦ «ሂ ቶክት ሚ አውት ኦፍ ኢት» ማለት ሐሳቤን አስቀየረኝ፣ አስተወኝ ነው።

ቀጥሎ ግስ ከመጣ «ኢንግ» ይዞ ይመጣል። «እንድሄድ አግባባችኝ» ለማለት «ሺ ቶክት ሚ ኢንቱ ጎይንግ» ነው፣ «ኢንቱ ጎ» አይባልም። «ሥራዬን ልለቅ ነበር፣ እሱ አስተወኝ» ደግሞ «ሂ ቶክት ሚ አውት ኦፍ ኩዊቲንግ» ይሆናል። «ፐርስዌድ» ከሚለው ግስ ጋር ምን ይለየዋል ላላችሁ፣ «ፐርስዌድ» ማሳመን ነው፤ ማስረጃ ቀርቦ፣ ልብ ረክቶም ሊሆን ይችላል። «ቶክ ኢንቱ» ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ «እኔስ አልፈለግኩም ነበር» የሚል ቅሬታ ተደብቋል። የማያስፈልገውን ስልክ ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው «ሻጩ ቶክት ሚ ኢንቱ ኢት» ነው የሚለው፤ ጥፋቱን ግማሽ በግማሽ ሲያካፍል።

ልጅ «ቶክ ባክ» ሲያደርግ ምን ማለት ነው?

«ደግሞ ትመልስልኛለህ?» የምትለውን የወላጅ ቁጣ ታውቋታላችሁ። እሷ ናት። «ቶክ ባክ» መልስ መስጠት ሳይሆን ለታላቅ አጉል መልስ መስጠት ነው። ስለዚህ ለአለቃችሁ «መልስ እሰጥዎታለሁ» ለማለት «አይል ቶክ ባክ ቱ ዩ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። «አይል ጌት ባክ ቱ ዩ» ነው የሚባለው። አንዲት ግስ ብቻ ናት የተለወጠችው፣ መልእክቱ ግን ከትሕትና ወደ ድፍረት ይገለበጣል።

«ዊ ኒድ ቱ ቶክ» ሲባል ሰው ለምን ይደነግጣል?

ቃላቱ «መነጋገር አለብን» ነው የሚሉት፣ ሌላ ምንም የለም። ግን ርዕሱ አልተነገረም፣ «አለብን» አለበት፣ ቀጠሮውም ክፍት ነው። በአማርኛም «የምንነጋገረው ነገር አለ» የሚል አጭር መልእክት ሲደርሳችሁ ሆዳችሁ አይላወስም? ያው ነው። ፍቅረኛ ከላከችው መለያየት ይታሰባል፣ አለቃ ከላከው ስንብት። ክፉ ነገር ካላሰባችሁ ርዕሱን ጨምሩበት፦ «ካን ዊ ቶክ አባውት ዘ ሪፖርት?» ብትሉ ማንም አይደነግጥም።

በወጣቶች አነጋገር ደግሞ «ዌር ቶኪንግ» ሌላ ነገር ነው። ፍቅረኛሞች ገና አልሆኑም፣ ግን አንድ ነገር እየተጀመረ ነው። ይሄንንስ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እኛም «እያወሩ ነው» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«ቶክ» ስም ሲሆን ምን ይሆናል?

ነጠላ ሲሆን «አ ቶክ» ወግ ወይም አጭር ንግግር ነው። ከ«ስፒች» ይልቅ ቀለል ያለ፣ ከአድማጭ ጋር የሚቀራረብ ነው። ቴድ የሚባለው መድረክ ንግግሮቹን «ቶክ» ብሎ የሚጠራው በዚህ መንፈስ ይመስለኛል፤ እያንዳንዱም ከ18 ደቂቃ እንዳይበልጥ ነው ደንቡ። «ስፒች» ቢሉት ኖሮ ግማሹ ሰው ገና ሳይከፍተው ያንቀላፋ ነበር።

ብዙ ቁጥር ሲሆን ክብደቱ ይለወጣል። «ቶክስ» ድርድር ነው። ዜና ላይ «ፒስ ቶክስ» ስትሰሙ የሰላም ድርድር ማለት ነው፤ «ዘ ቶክስ ብሮክ ዳውን» ካሉ ድርድሩ ፈረሰ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1969 ሄልሲንኪ ላይ የጀመሩትና በ1972 ሞስኮ ላይ ፊርማ የደረሰው የኑክሌር መሣሪያ ድርድር «ሳልት» ይባል ነበር፤ የምሕጻረ ቃሉ የመጨረሻ ፊደል «ቶክስ» ናት። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ያው ቃል ዓለምን ሊያጠፋ በሚችል መሣሪያ ጉዳይም ያገለግላል።

ቅጽል ሲታከልበት ደግሞ ይበዛል። «ስሞል ቶክ» ስለ አየር ጠባይ የምናወራት፣ ዝምታን ለመሙላት ብቻ የምትሆን ወሬ ናት። «ፔፕ ቶክ» አሠልጣኝ ከጨዋታ በፊት መልበሻ ክፍል ውስጥ የሚሰጣት የማበረታቻ ንግግር ናት። «ትራሽ ቶክ» ተጋጣሚን በስድብና በፉከራ መንፈሱን ማወክ ነው። «ስዊት ቶክ» መሸንገል ነው፤ የሚያደርገውን ሰው አማርኛ «አፈ ቅቤ» ብሎ ጨርሶታል። «ሂ ኢዝ ኦል ቶክ» ከተባለ ደግሞ ሰውየው አፉ ብቻ ነው፣ ሥራ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ሰዉ ከድምፅ አልባው ለመለየት «ቶኪ» ብሎት ነበር፤ ቃሉ ዛሬ ተረስቷል፣ «ዎኪ ቶኪ» ውስጥ ግን ድምፁ አሁንም አለ።

ቃሉ ከየት መጣ?

ከ13ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ጀምሮ እንግሊዝኛ ውስጥ ይታያል። ዘመዶቹ «ቴይል» እና «ቴል» ናቸው፤ ተረት እና መንገር። መጨረሻው ላይ ያለችው «ክ» ድርጊቱ ሲደጋገም የምትጨመር የድሮ ቅጥያ ትመስላለች። መስረቅ ከሚለው «ስቲል» አድብቶ መከተል የሚለው «ስቶክ» ወጣ፣ መስማት ከሚለው «ሂር» ጆሮ መስጠት የሚለው «ሃርክ»። በዚያው ስሌት «ቶክ» ተረትን እየደጋገሙ ማለት ነው።

የሚገርመኝ አማርኛም ያንኑ መንገድ መሄዱ ነው። «ወሬ» የሚነገረው ነገር ነው፣ «አወራ» ድርጊቱ ነው፣ ሥራቸውም አንድ ነው። «ቴይል» ለ«ቶክ»፣ «ወሬ» ለ«አወራ»። ቃላቱ አይተዋወቁም፣ ሐሳቡ ግን የተገጣጠመ ነው።

ቃል በቃል ቢተረጎሙ የሚያሳስቱ አባባሎች የትኞቹ ናቸው?

ብዙ ናቸው፣ ዋና ዋናዎቹን ላንሳ። «ናው ዩር ቶኪንግ» ማለት «አሁን እያወራህ ነው» አይደለም፤ «እሱስ ይሻላል፣ አሁን ገና ቁም ነገር አመጣህ» ነው። በዝቅተኛ ዋጋ ሲከራከር የቆየ ሰው ከፍ ሲያደርግላችሁ የምትሉት ነው። «ሉክ ሁዝ ቶኪንግ» ደግሞ «ማን ነው የሚናገረው?» ነው፤ ሁሌ የሚያረፍድ ሰው ሌላውን አረፈድክ ሲል። እንግሊዞች ይሄንኑ «ዩ ካን ቶክ!» ብለው ያሽሟጥጣሉ፣ እናንተ ፈቃድ የተሰጣችሁ መስሏችሁ ንግግራችሁን ብትቀጥሉ ሳቅ ነው።

«ዶንት ቶክ ቱ ሚ አባውት ትራፊክ!» የሚል ሰው «አታናግረኝ» እያላችሁ አይደለም፣ አልተቆጣም። «ስለ መንገድ መጨናነቅማ ለእኔ አትንገረኝ፣ እኔም ተቃጥያለሁ» ነው። ስለዚህ አትሽሹ፤ እንዲያውም ወሬው ገና ሊደራ ነው። ስሙን ስታነሱት ከች ለሚል ሰው አሜሪካኖቹ «ስፒክ ኦፍ ዘ ዴቪል»፣ እንግሊዞቹ «ቶክ ኦፍ ዘ ዴቪል» ይላሉ፤ ሰይጣን መባሉ ስድብ አይደለም። «መኒ ቶክስ» ገንዘብ ያለው ይሰማል ነው። «ቶክ ተርኪ» ደግሞ አሜሪካኖች ሳይሸፋፍኑ በግልጽ መነጋገርን የሚሉበት ነው።

የፖሊስ ፊልም ላይ «ሂ ቶክት» ሲባል ደግሞ ተጠርጣሪው ለፈለፈ፣ ምስጢር አወጣ ማለት ነው። ስለ ማን፣ ለማን፣ ምንም አይከተልም። ብቻዋን ስትቆም እንዲህ ትከብዳለች።

«ቶክ ዳውን» እና «ቶክ ኦቨር» ለምን ሁለት ሁለት ትርጉም አላቸው?

ተንኮለኛው ጥያቄ ይሄ ነው። መልሱ ያለው ሰውየው የት ጋ እንደተቀመጠ ላይ ነው። «ሂ ቶክት ዳውን ቱ ኸር» ማለት ዝቅ አድርጎ፣ እንደማይገባት ሰው ቆጥሮ አናገራት ነው፤ ንቀት ነው። «ሂ ቶክት ኸር ዳውን» ላይ ግን ሴትየዋን ከመሃል አስገቡና «ቱ»ን አውጡ፤ አሁን አረጋግቶ አወረዳት ማለት ሆነ። የተቆጣን ሰው ማብረድ፣ ወይም ከፍታ ላይ ወጥቶ ሊወረወር ያለን ሰው በለሰለሰ ቃል ማውረድ። አብራሪ ሲቸገር ከምድር ያለው ተቆጣጣሪ በሬዲዮ ከፍታውን ቀንስ፣ አቅጣጫህን አስተካክል እያለ አውሮፕላኑን እንዲያሳርፍ ሲመራውም ይሄው «ቶክ ዳውን» ነው። አንዱ ያዋርዳል፣ አንዱ ነፍስ ያድናል።

«ኦቨር»ም እንዲሁ ናት። «ዜይ ቶክት ኢት ኦቨር» ማለት በጉዳዩ ላይ ቁጭ ብለው መከሩበት ነው። «ሂ ቶክት ኦቨር ኸር» ግን እሷ እየተናገረች በላይዋ ላይ ተናገረባት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አፏን አስያዛት ነው። በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው። ሳታስቡት ካደረጋችሁት «ሶሪ፣ አይ ቶክት ኦቨር ዩ፣ ጎ አሄድ» ብላችሁ ተራውን መልሱ። እዚህ ላይ ደግሞ «ቱ» አያስፈልግም፤ «ኦቨር» ራሷ ድልድይ ሆናለች።